ወንበር አላስወጣ ያለው የምግብ ጠረጴዛ እንዴት እንደተስተካከለ

የመመገቢያው ቦታ 2.75 በ2.75 ሜትር ነው፤ በአንድ በኩል ወደ ማዕድ ቤት ያሳልፋል። ጠረጴዛው 160 በ90 ሴንቲ፣ ባለ አራት ማዕዘን ነበር። ከሁለቱ ጫፎች እስከ ግድግዳ የሚቀረው 57 ሴንቲ ብቻ ነው። ከወንበር ለመነሳት 75፣ ከተቀመጠ ሰው ጀርባ ለማለፍ ደግሞ 90 ሴንቲ ያስፈልጋል። ወንበሮቹን በትንንሽ መቀየር ምንም አልፈየደም፤ ጥፋቱ የቅርጹ ነው።

መፍትሔው 110 ሴንቲ ስፋት ያለው ክብ ጠረጴዛ ሆነ። በግድግዳው በኩል 75፣ በመተላለፊያው በኩል 90 ይተርፋል። ለአምስት ሰው ይበቃል፤ ስድስተኛ ሲጨመር ክርን ከክርን ይጋጫል። በአንድ ትሪ ለሚበላ ቤተሰብማ ክብን የሚያህል የለም፤ እንጀራው ከሁሉም እኩል ይርቃል። በረጅሙ ጠረጴዛ ግን ጫፍ ላይ ለተቀመጠው እስከ መሃሉ 80 ሴንቲ ነበር።

እግሩ አንድ፣ መሃል ላይ ይሁን፤ አራት እግር ጉልበት ይመታል። የመቆሚያው ስፋት ከ65 ሴንቲ ካነሰ ግን ጠርዙን ሲደገፉት ያዘነብላል። ገበታው ከእግሩ ጋር በቡሎን ይታሰር እንጂ በኮላና በሚስማር አይመታ፤ ካልተፈታ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ማውጣቱ ፈተና ነው።

ከማዘዝ በፊት በ55 ሴንቲ ሲባጎና በጠመኔ ወለሉ ላይ ክብ ይሣል። ወንበሮቹን ዙሪያውን ደርድሮ የማዕድ ቤቱንም የማቀዝቀዣውንም በር ከፍቶ ማየት ነው። ቦታው ጠባብና ረጅም ከሆነ፣ ለምሳሌ 2.50 በ4 ሜትር፣ 80 በ140 የሆነ ሞላላ ይሻላል።