«መስፈርቱን አላሟላም» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት

አሥር መስፈርት ከተደረደረበት የሥራ ማስታወቂያ ሰባቱን ብታሟሉ እንኳ ዓይናችሁ የሚያርፈው የቀሩት ሦስቱ ላይ ነው። «ኧረ ተወው፣ እኔን ማን ይቀጥረኛል!» ይባልና ገጹ ይዘጋል። አሜሪካ ገና ለገባ ሰው ደግሞ ይብሳል። እንግሊዝኛው አለ፣ አክሰንቱ አለ፣ «የአሜሪካ ልምድ የለኝም» የሚለው አለ። ቀጣሪው ስማችሁን እንኳ ሳያይ እናንተው ራሳችሁን ትጥላላችሁ። መጣሉን ለእሱ ተዉለት፤ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚያ ነው።

በእርግጥ የተቆለፈ በር አለ። ነርስ ሆኖ ለመሥራት የኤንክሌክስን ፈተና ማለፍና የምትሠሩበትን ስቴት ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። ሐኪምን የዩኤስኤምኤልኢ ፈተናዎችና ሬዚደንሲ የሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና ይጠብቁታል። ትልቅ የጭነት መኪና ሲዲኤል ያለሚባለው የንግድ መንጃ ፈቃድ አይነዳም። እዚህ ላይ ድፍረት አይሠራም። የፌዴራል መንግሥት ሥራም ጥብቅ ነው። ዩኤስኤጆብስ በሚባለው የመንግሥት የሥራ ድረ ገጽ ላይ ከሚወጣው አብዛኛው የአሜሪካ ዜግነት ይጠይቃል፤ ዝቅተኛ መስፈርቱም እንደተጻፈው ነው የሚታየው።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ብዙው ሥራ ግን እንዲህ ጥብቅ አይደለም። ማስታወቂያውን ስታነቡ ከመስፈርቱ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሥራው በየቀኑ ምን እንደሆነ የሚዘረዝረውን ክፍል አንብቡ። ያንን መሥራት እችላለሁ ካላችሁ ወደ መስፈርቱ ውረዱ። እዚያ «ሪክዋየርድ» (ግድ የሚያስፈልግ) የሚለውና «ፕሪፈርድ» (ቢኖር የሚመረጥ) የሚለው ተለይተው ተቀምጠው ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ቢኖር ጥሩ ነው እንጂ ባይኖር የሚያስቀር አይደለም። «ኦር ኢኩዊቫለንት ኤክስፒሪየንስ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ዲግሪው ባይኖርም በሥራ ልምድ መተካት ይቻላል ማለት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ዋናውን ሥራ መሥራት የሚችል ሰው ሁለት ሦስት ነገር ጎደለኝ ብሎ መቅረት የለበትም።

አሁን ወደ ማመልከቻ ፎርሙ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ኢንተርቪው ላይ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። «ስንት ዓመት ልምድ አለህ?» ሲል አገር ቤት የሠራችሁትን ቁጠሩ። ጥያቄው የት እንደሆነ ካልገለጸ የኢትዮጵያው አምስት ዓመት አምስት ዓመት ነው። ቀጥሎ «አሁን ወይም ወደፊት ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግሃል?» የሚል ይመጣል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣ ሰው ትዝ የሚለው ወረቀት ሞልቶ ስፖንሰር ያደረገው ዘመዱ ነውና «አዎ» ይላል። አለቀ፤ ሲስተሙ እዚያው ሊያስወጣው ይችላል። የሚጠየቀው ግን ቀጣሪው የሥራ ቪዛ እንዲያወጣልህ ያስፈልጋል ወይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መልሱ «አያስፈልገኝም» ነው። ከሱ በፊት ለሚመጣው «ለመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ አለህ?» ለሚለው ደግሞ «አዎ»።

ሬዝዩሜ ላይ ፎቶ፣ ዕድሜ፣ የትዳር ሁኔታና ሃይማኖት አይገቡም። የሚገባው የሠራችሁት ነው፣ በቁጥር። «አካውንታንት ሆኜ ሠርቻለሁ» ብቻውን ምንም አይናገርም። «በየወሩ የ120 ሠራተኞችን ደመወዝ አዘጋጅ ነበር፣ የባንክ ሂሳብ አስታርቅ ነበር፣ መዝገቡን በፒችትሪ ይዤ ለኦዲት አቀርብ ነበር» ብትሉ ግን አንባቢው ሰውዬውን ያየዋል። ስለ ፒችትሪ ካነሳን፣ ይህ የሂሳብ ፕሮግራም ዛሬ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። ሁለቱንም ስም ጻፉ፤ አለዚያ የምታውቁትን ነገር እንደማታውቁ ያስቆጥርባችኋል። ሥራችሁን እዚህ ባለው አጠራር ለመግለጽ ከተቸገራችሁ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ያዘጋጀውን ኦኔት የሚባል ድረ ገጽ ክፈቱ። በነፃ ነው። የሙያችሁን ስም ስትፈልጉ ተግባሮቹን በእንግሊዝኛ ዘርዝሮ ያሳያችኋል።

ኢንተርቪው ላይ «ሠራን፣ አደረግን» ማለት ይቀናናል። «እኔ» ማለት ራስን ማወደስ ስለሚመስለን እንጂ ሥራውን ብቻችንን ሠርተነው ሊሆን ይችላል። ጠያቂው የሚፈልገው የእናንተን ድርሻ ነውና «እኔ» በሉ። የማታውቁት ነገር ሲነሳ «ኖ» ብላችሁ ዝም አትበሉ። «በእሱ አልሠራሁም። ተመሳሳዩን ግን ሦስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ ያንንም የተማርኩት ሥራ ላይ ነው» ይበቃል። ያልሠራችሁትን ሠርቻለሁ ማለት ግን አያዋጣም። ዲግሪና የቅጥር ቀን ይጣራሉ፤ ውሸት ከተገኘ ከተቀጠሩ በኋላም ያስባርራል።

የትምህርት ማስረጃን እንደ ደብሊውኢኤስ ባሉ ድርጅቶች ማስገምገም ጥሩ ነው፤ ለሙያ ፈቃድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። ግን ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው እስኪላክ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ቀጣሪው ካልጠየቀ እሱን እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። ማመልከቻችሁን የሚያይላችሁ ሰው ከፈለጋችሁ አሜሪካን ጆብ ሴንተር በየስቴቱ አለ፣ በነፃ። ውጭ አገር ተምረው ለመጡ ባለሙያዎች ደግሞ አፕዋርድሊ ግሎባል የሚባል ድርጅት አለ፤ እሱም አያስከፍልም።

«ግሪን ካርዴ በፖስታ ይድረስ፣ ከዚያ አመለክታለሁ» የሚሉም አሉ። አያስፈልግም። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ ስትገቡ ከተመታው ማህተም ጋር ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ስትቀጠሩ የመሥራት ፈቃዳችሁን ለማረጋገጥ የሚሞላው አይ ናይን ፎርም ላይም ይሠራል። የትኛውን ሰነድ እንደምታቀርቡ ከተፈቀዱት ውስጥ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ቀጣሪው «ይሄን ብቻ አምጡ» ማለት አይችልም።