ኩሽኔታ እስከ ትከሻው ይግባ

ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው፤ ብረት በማሽን እያሽከረከርን የምንቀርጽበት ቤት ማለት ነው። የወፍጮ ሞተር ይዘው ይመጡና "አዲስ ኩሽኔታ ገብቶለት እንደገና ጮኸ" ይሉኛል። ኩሽኔታ ዘንጉ በኳሶች ላይ እንዲሽከረከር የሚይዘው ቀለበት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኩሽኔታው ሳይሆን የአገባቡ ነው።

መጀመሪያ ዘንጉን ለኩ። 6205 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጩ 52፣ ወርዱ 15 ነው። ዘንጉ ከ25 በጣም በትንሹ፣ እስከ 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል ወፈር ማለት አለበት። ለዚህ ካሊፐር አይበቃም፤ ማይክሮሜትር ያዙ። ኩሽኔታው በእጅ ሲገፋ ሰተት ብሎ ከገባ ዘንጉ ተበልቷል። እባካችሁ በቆርቆሮ አትጠቅልሉት። በብየዳ ይሞላና እንደገና ይቶረን።

ቀጥሎ ጥልቀቱ። ኩሽኔታው የዘንጉን ትከሻ፣ ማለትም ዘንጉ ወፈር የሚልበትን እርከን፣ ዙሪያውን መንካት አለበት። 0.05 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) በመሃል ካለፈ አልተቀመጠም ማለት ነው። ብዙ ሰው የማያየው የትከሻውን ጥግ ነው። ጥጉ ሲቶረን ከልክ በላይ ከጎበጠ ኩሽኔታው እሱ ላይ ይንጠለጠላል። የገባ ይመስላል፣ ግን አልገባም።

ክፍቱን፣ ማለትም ሽፋን የሌለውን ኩሽኔታ በንጹህ ዘይት ውስጥ 100 ዲግሪ ድረስ ብታሞቁት በቀላሉ ይገባል። ከ120 አታሳልፉት። የጎማ ሽፋን ያለውን ግን ዘይት ውስጥ አትንከሩ። መዶሻ ግድ ከሆነ የውስጡን ቀለበት ብቻ በሚነካ ቱቦ ምቱ። የውጩን ስትመቱ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መሄጃቸውን ይጎዳዋል፤ ጩኸቱም ከዚያ ይመጣል።

የሞቀው ሲቀዘቅዝ ከትከሻው ሊሸሽ ይችላል። ዘንጉን እስኪጨብጥ ገፍታችሁ ያዙት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ፊለር ጌጁን ደግማችሁ ሞክሩ።