የአድራሻ ዘፈቀደነት ጥቃት ሳያቆም ሲቀር፦ ችግርና መፍትሄ

የአድራሻ ዘፈቀደነት (ኤኤስኤልአር) ፕሮግራም በተነሳ ቁጥር ስታኩንና ሂፑን (ፕሮግራሙ ዳታውን የሚያስቀምጥባቸውን የሜሞሪ ክፍሎች) እንዲሁም ላይብረሪዎቹን (የሚጠቀምባቸውን ዝግጁ ኮዶች) ሜሞሪ ውስጥ በተለያየ ቦታ ያስቀምጣል። አጥቂው የሚገባበትን የኮድ ስህተት፣ ማለትም ቀዳዳውን፣ አይደፍንም፤ አጥቂው የት እንደሚዘል እንዳያውቅ ብቻ ያደርጋል። ስለዚህ ሲከሽፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው አጥቂው አድራሻውን በምን መንገድ አወቀው የሚለው ነው።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ቢዘጋና ቢከፈትም አድራሻው አይለወጥም

በጂዲቢ (የፕሮግራም መመርመሪያ መሣሪያ) ውስጥ እያያችሁ ከሆነ አትደንግጡ፤ ለምርመራ እንዲመች ዘፈቀደነቱን ራሱ ያጠፋዋል። ከዚያ ውጭም ካልተለወጠ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) የዘፈቀደነት ቅንብሩን (randomize_va_space) እዩ፦ 0 ጠፍቷል፣ 1 በከፊል፣ 2 ሂፑንም ጨምሮ ማለት ነው። ወደ 2 መልሱት። ላይብረሪዎቹ እየተንቀሳቀሱ የፕሮግራሙ የራሱ ኮድ ብቻ ባለበት ከቀረ፣ ፓይ (የትም ቦታ ቢቀመጥ መሥራት የሚችል ፕሮግራም) ሆኖ ኮምፓይል አልተደረገም፤ እንደገና ኮምፓይል አድርጉት።

ምልክት፦ ሰርቪሱ በተደጋጋሚ ይወድቃል፣ ወዲያው ይነሳል

ብዙዎች ተራ ብልሽት ነው ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ መውደቅ የአጥቂ ያልተሳካ ግምት ሊሆን ይችላል። በ32 ቢት ሲስተም የላይብረሪው ቦታ በዘፈቀደ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ቢበዛ በ16 ቢት ነው፣ ማለትም ከ65,536 አማራጭ አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎች እንዲህ ባለ ሲስተም ላይ የሚሠራን አፓቼ የተባለ የድረ ገጽ ሰርቨር በአማካይ በ216 ሰከንድ ሰብረው አሳይተዋል። ወደ 64 ቢት መሸጋገር ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ይሁንና 64 ቢትም ብቻውን አይበቃም። ሰርቨሩ ልጅ ፕሮሰሶችን በፎርክ፣ ማለትም ራሱን በመቅዳት፣ የሚፈጥር ከሆነ ሁሉም የወላጃቸውን አቀማመጥ ይወርሳሉ። አንዱ ወድቆ ሌላው ሲተካ ዕጣው እንደገና አይወጣም፤ አጥቂው የተሳሳተውን እየሰረዘ ይቀጥላል። መፍትሄው እያንዳንዱ ልጅ በኤግዜክ (ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው በሚጭን ጥሪ) እንደ አዲስ እንዲነሳ ማድረግ ነው። መልሶ ማስነሳቱም እየዘገየ ይሂድ፤ መውደቅ ሲደጋገም ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይድረሳችሁ።

ምልክት፦ አንድም ጊዜ ሳይወድቅ ተሰበረ

ይህ አብዛኛውን ጊዜ ግምት አይደለም፤ አድራሻ አፈትልኮ ይሆናል። ላይብረሪ ሙሉውን በአንድነት ስለሚንቀሳቀስ፣ የአንድ ፈንክሽን አድራሻ የታወቀበት ሰው የቀረውን በመደመርና በመቀነስ ያገኘዋል። እዚህ ላይ የቢት ብዛት አይረዳም። ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሚያትሙ የሎግና የስህተት መልእክቶችን አጥፉ፤ ከተመደበለት ቦታ አልፎ የሚያነበውን ኮድ አርሙ። ከዚያ ሰርቪሱን አስነሱት፤ አሮጌው ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ያፈተለከው አድራሻ ይሠራል። ያፈተለከው የከርነል አድራሻ ከሆነ ማሽኑ ራሱ ጠፍቶ መነሳት አለበት።