ገንዘብ እንቅልፍ ሲነሳ፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣሪያ ሳይ የማነጋባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። ደሞዝ አለኝ። ሥራዬ አራት ኪሎ ነው፤ ቤቴም ከዚያው በእግር የሚደረስ ስለሆነ ለታክሲ እንኳን አላወጣም። ግን ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። አከራዬ ይሆን? የዕቁቡ ጸሐፊ ይሆን?

ከዚያ ወዲህ ደሞዜ እምብዛም አልጨመረም። ጭንቀቱ ግን ቀሎልኛል። የቀለለኝ ጥቂት ስህተቶቼን አንድ በአንድ ስላረምኩ ነው። በዚህ ከተማ እንደኔ ሌሊቱን በሒሳብ የሚያነጋ ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ እነሆ ጻፍኳቸው።

ሒሳብን ፈርቶ አለማየት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከባንክ መልእክት ሲመጣ አልከፍተውም ነበር። ኤቲኤም ላይ ብር ሳወጣ ቀሪ ሒሳቤን ላለማየት ደረሰኝ አልወስድም። ያላየሁት ነገር የሌለ ይመስለኝ ነበር። አእምሮ ግን አይታለልም። ቁጥሩን ካልነገሩት ራሱ ይገምታል፤ ሌሊት ሲገምት ደግሞ አብዝቶ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ አንድ ካፌ ገባሁ። ማኪያቶ አዝዤ ካሬ ደብተር አወጣሁ። የመጀመሪያዋን መስመር እስክጽፍ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ለታላቅ እህቴ 8,000። ያልከፈልኩት የዕቁብ ሁለት ዙር 6,000። ለሥራ ባልደረባዬ 5,000። የሰፈር ሱቅ ዱቤ 2,650። በስልክ የተበደርኩት 1,750። ደመርኩት። 23,400 ብር ሆነ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ደመርኩት። ያው ነው።

ትንሽ ብር አይደለም። ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ዕዳ መጨረሻ አልነበረውም፤ ይሄኛው አለው። የዚያን ዕለት ሌሊት ሳልነቃ ነጋ።

እናንተም ሞክሩት። የባንካችሁ አፕ ወይም ቴሌብር ያለፉትን ወራት ወጪ መዝግቦ ይዞላችኋል። የ3 ወሩን አውጡና ሦስት ቦታ ብቻ ክፈሉት፦ የግድ የሆነው፣ ለሰው የሰጣችሁት፣ የት እንደገባ የማታውቁት። የሚያስደነግጠው ሦስተኛው ነው። የኔ በአብዛኛው ከቢሮ ወጥቼ የምበላው ምሳ ነበር።

ዓመቱን ረስቶ ወሩን ብቻ ማቀድ

የኛ ዓመት 13 ወር ነው፤ ደሞዙ ግን 12 ነው። በነሐሴ መጨረሻ የሚከፈለው ደሞዝ ጳጉሜን አሻግሮ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን 36 ቀን ማኖር አለበት። ከነዚህ ቀናት ውስጥ ደግሞ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚከፍለውን ዕዳ የሚበደረው በዚህች ጊዜ ነው።

እንቁጣጣሽ ግን ድንገት መጥቶ አያውቅም። ገናም፣ ፋሲካም፣ ኢድም እንደዚያው። ባለፈው መስከረም ምን ያህል እንደወጣ ቁጭ ብላችሁ አስሉ። 18,000 ብር ከሆነ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በየወሩ 1,500 ወደ ሌላ ሒሳብ ማዞር ነው። የኤቲኤም ካርድ የሌለው ሒሳብ ቢሆን ይመረጣል።

ዕቁብ ሲወጣ ብር ያገኙ መምሰል

ዕቁብን እወደዋለሁ። ብቻዬን ብሆን የማላጠራቅመውን ብር ሰው ስለሚጠብቀኝ አጠራቅማለሁ። ችግሩ ዕጣው ቶሎ የወጣለት ሰው ላይ ነው።

10 ሰው በወር 3,000 ቢጥል ዕጣው 30,000 ብር ነው። በሁለተኛው ወር ቢወጣላችሁ እስከዚያ የጣላችሁት 6,000 ብቻ ነው። ቀሪው 24,000 የሌሎቹ ነው፤ ወለድ የሌለው ብድር ወስዳችኋል ማለት ነው። እኔ ግን "ዕቁብ ወጣልኝ" ብዬ ሶፋ ቀየርኩ፣ ጓደኞቼን ጋበዝኩ። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ለበላሁት ብር ስከፍል ሁለት ዙር አለፈኝ። ዋስ የሆነኝን ሰው ዓይን ማየት አፈርኩ።

መጨረሻ ላይ ለሚወጣለት ደግሞ ኑሮው ሲወደድ ያው 30,000 የሚገዛው ዕቃ ያንሳል። ስለዚህ ዕቁብ ስትገቡ ብሩ ለምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ። የምትጥሉት መጠንም በክፉ ወር የምትችሉት ይሁን።

ብድርን በብድር መክፈል

ቴሌብር በ2013 ተጀምሮ በ2014 አነስተኛ ብድር ሲጨመርበት ብዙ ሰው ተገላግሏል። ለሆስፒታል በሌሊት ብር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። አደጋው የስልኩን ብድር ለወር መጨረሻ ቀዳዳ መድፈኛ ስናደርገው ነው። ለምሳሌ በ1,000 ብር ላይ ለአንድ ወር 60 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቢኖር ትንሽ ትመስላለች። በየወሩ ከተበደራችሁ ግን በዓመት 720 ብር ከፍላችሁ ዕዳው ያው 1,000 ነው።

እኔ መጀመሪያ የዘጋሁት ትንሿን ነው፤ 1,750ዋን። ሒሳብ አዋቂዎች ክፍያው የሚበዛበት ይቅደም ይላሉ፤ የኔ ትንሿም ክፍያ ያለባትም እሷው ነበረች። አንድ መስመር ከደብተሩ ላይ ሲሰረዝ ያለው እፎይታ ለሚቀጥለው ጉልበት ይሰጣል።

ይሉኝታ

ካፌ ላይ "ተው፣ እኔ ነኝ የምከፍለው" ብለን እንታገላለን። የሰርግ መዋጮ ሲመጣ ከጓደኛ ላለማነስ እንጽፋለን። ዘመድ ከክፍለ ሀገር ደውሎ ሲቸገር የለኝም ማለት ያሳፍራል። ሰው መርዳት ይቅር አልልም፤ ነገ እኛም ሰው ያስፈልገናል። ዕድርንም ለቁጠባ ብሎ ማቋረጥ ከባድ ስህተት ነው። ሐዘን ሲመጣ ድንኳን የሚጥለውና ሰው የሚያቆመው እሱ ነው።

የሚሻለው ለሰው የሚሆነውን ከደሞዝ ላይ አስቀድሞ መለየት ነው። ሲያልቅ አለቀ። "ማዘር፣ በዚህ ወር ያለኝ 500 ነው፣ እሱን ልላክ" ስል የተቀየመኝ ሰው እስካሁን የለም። የሚያስቀይመው እልካለሁ ብሎ መጥፋት ነው።

በድንጋጤ መወሰን

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብዙ ሰው ያለውን ጥሪት አውጥቶ ዕቃ ለመግዛት ሮጧል። በዚያን ጊዜ በባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ስለነበር ኑሮው ሲወደድ ብሬ ተቀምጦ እየሟሸሸ ነው ማለቱ ስህተት አልነበረም። ግን ለአንድ ወር ወጪ የሚሆን ብር እጁ ላይ የሌለው ሰው ሌላ ነገር ውስጥ መግባት የለበትም። ብራችሁን በሦስት ወር እናጥፍላችሁ ከሚሉማ ሽሹ።

የኪራይ ሕጉን አለማወቅ

መሐል ከተማ ለምንኖር ተከራዮች ትልቁ ስጋት ይሄ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን ይላል። የቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር መብለጥ አይችልም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ውላችሁን አስመዝግቡ።

ደብቆ መቸገር

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ባልና ሚስት ዕዳ ሲደባበቁ ሁለቱም ለየብቻ ይጨነቃሉ። ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከነሳ ደግሞ ሐኪም ማማከር ነው፤ ነውር የለውም።

እኔ የደበቅኩት እህቴን ነበር። ያቺን ደብተር ከጻፍኩ ከሦስት ቀን በኋላ ደወልኩላት። "እቴ፣ ብርሽን አሁን የለኝም። ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ 1,000 ልላክልሽ" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ "አንተ ልጅ፣ ስልኬን የማታነሳው ለዚህ ኖሯል?" አለችኝ። አምስት ወር ሙሉ በሆነ ነገር አስቀይሜው ይሆናል እያለች ስትጨነቅ ነበር።

ግንቦት ላይ የመጨረሻዋን 1,000 ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ስለ ብሩ አላነሳችም። ቅዳሜ ምሳ ና አለችኝ።