የውጭው ነገር ሱፐርማርኬትን የት ጋ ይነካዋል? ደረጃ በደረጃ አተናተን

«ውጫዊ ሁኔታዎች በአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ላይ ያላቸውን ተጽዕኖ ተንትን» የተባለ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ፖለቲካ፣ ኢኮኖሚ፣ ማኅበረሰብ፣ ቴክኖሎጂ፣ የተፈጥሮ አካባቢ፣ ሕግ ብሎ ስድስት ሳጥን ይሠራል። ከዚያ በየሳጥኑ ሦስት ሦስት ነጥብ ይሞላል። ወረቀቱ ያምራል። ሥራ አስኪያጁ ግን አንብቦ ሲጨርስ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ይላል።

ፔስትል የሚባለው ይህ የስድስት ሳጥን ዘዴ ችግር የለበትም። ችግሩ እዚያው ላይ ማቆም ነው። የሚያዋጣው እያንዳንዱን የውጭ ነገር እስከ መደርደሪያውና እስከ ሒሳብ መዝገቡ ድረስ መከተል ነው። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ከሒሳቡ ጀምሩ

የሱፐርማርኬት ትርፍ ስስ ነው። ከእያንዳንዱ 100 ሽያጭ የተጣራ ትርፍ ሆኖ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ገደማ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የወጪውን አከፋፈል ወረቀት ላይ አውርዱ።

ለምሳሌ ያህል 100 የሸጠ ሱቅ እናስብ። 75ቱ ዕቃው የተገዛበት ነው። 11 ለደመወዝ፣ 2 ለኤሌክትሪክ፣ 10 ለኪራይ፣ ለትራንስፖርትና ለልዩ ልዩ ወጪ ይሄዳል። የቀረው 2 ነው። አሁን የኤሌክትሪክ ዋጋ በእጥፍ ጨመረ እንበል። ትርፉ ዜሮ ገባ። ኤሌክትሪኩ ባለበት ሆኖ የዕቃ መግዣ ዋጋ በ4 በመቶ ብቻ ቢጨምርስ? ከ75ቱ ላይ 3 ተጨመረ ማለት ነው፤ ሱቁ 1 ከሰረ። የመሸጫ ዋጋ ካልነካ በስተቀር፣ አንድ ደንበኛ ሳይቀንስበት።

ይህን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። የትኛው ዜና እንቅልፍ ሊነሳችሁ እንደሚገባ፣ የትኛው ደግሞ ዝም ብሎ ወሬ እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል።

ደረጃ 2፦ የውጭውን ሰብስቡ

እዚህ ላይ ስድስቱ ሳጥኖች ይጠቅማሉ፤ የረሳችሁትን ያስታውሷችኋል። ታክስ፣ ወለድ፣ የምንዛሪ ዋጋ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ፣ የተፎካካሪ አዲስ ቅርንጫፍ፣ የኦንላይን ሽያጭ። ዜና ብቻ አትከታተሉ። ግዢ ክፍሉን ጠይቁ፤ አቅራቢ ማዘግየት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ካሸሮችንም ጠይቁ። ደንበኛ ሒሳቡን ሰምቶ ዕቃ ማስመለስ ሲጀምር ሪፖርት ላይ ከመታየቱ በፊት ያዩታል።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱ በየት በኩል እንደሚገባ ተከተሉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ፌብሩዋሪ 2023 ላይ በብሪታንያ የሆነውን ተመልከቱ። የቲማቲምና የኪያር መደርደሪያዎች ባዶ ሆኑ። ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ለአንድ ደንበኛ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ እስከ መሸጥ ደረሱ። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ «የአየር ጠባይ» ነበር። እውነት ነው፤ በክረምት አትክልቱ በብዛት የሚመጣበት የስፔንና የሞሮኮ አካባቢ በቅዝቃዜና በዝናብ ተመትቶ ነበር።

ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። የብሪታንያ ገበሬዎች ራሳቸው በሚሞቁ የመስታወት ቤቶች አትክልት ያመርታሉ። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ከወረረች በኋላ የጋዝ ዋጋ ስለናረ ብዙዎቹ ተከላቸውን ቀንሰው ወይም አዘግይተው ነበር። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ሲጎድል የሚተካ አልነበረም። ጦርነቱን «ፖለቲካ»፣ ጋዙን «ኢኮኖሚ»፣ ቅዝቃዜውን «የተፈጥሮ አካባቢ» ሳጥን ውስጥ ለየብቻ የጻፈ ሰው ሦስቱ አንድ መደርደሪያ ላይ እንደሚገናኙ አያይም።

በመሆኑም ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ በማን በኩል አልፎ ይደርስብናል? ሲደርስ ሌላ ምን ይዞ ይመጣል?

ደረጃ 4፦ ሕጉን ለብቻው ያዙት

ሕግ ከሌሎቹ የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ በመሆኑ ነው። ፈረንሳይ በ2016 ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ሱፐርማርኬቶች ያልተሸጠ ግን ሊበላ የሚችል ምግብ እንዳያበላሹ ከለከለች፤ ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር የልገሳ ስምምነት እንዲፈራረሙም አስገደደች። ይህ ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው። አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ሱቅ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ሆነበት ማለት ነው።

ወደ አዲስ አገር የሚገባማ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። የአሜሪካው ግዙፍ የሱፐርማርኬት ኩባንያ ዋልማርት በ1997 መጨረሻ ጀርመን ገባ። መሣሪያው ርካሽ ዋጋ ነበር። በ2000 የጀርመን የውድድር ተቆጣጣሪ እሱንም ተፎካካሪዎቹንም አንዳንድ መሠረታዊ ሸቀጦችን ከገዙበት በታች መሸጥ እንዲያቆሙ አዘዘ። ዋልማርት በ2006 ሱቆቹን ሜትሮ ለተባለው የጀርመን ኩባንያ ሸጦ ወጣ። ሕጉ ብቻ ነው ያስወጣው አልልም። እንደ አልዲ ያሉ የጀርመን ርካሽ ሱቆች ገበያውን ቀድመው ይዘውት ነበር።

ደረጃ 5፦ የደንበኛውን ኪስ ገምቱ

ኑሮ ሲወደድ ሰው መብላት አያቆምም፤ የሚገዛበትን ቦታና የሚገዛውን ዓይነት ይቀይራል። የብሪታንያ የዋጋ ግሽበት በኦክቶበር 2022 11.1 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ርካሹ አልዲ ሞሪሰንስ የተባለውን የብሪታንያ ሱፐርማርኬት በአገሪቱ የገበያ ድርሻ በልጦ 4ኛ ሆነ። ለአንዱ አደጋ የሆነው ለሌላው ሲሳይ ሆነ። ስለዚህ ጥያቄያችሁ «ግሽበት ይጎዳናል ወይ?» አይሁን። «ደንበኛችን ከውዱ ወደ ርካሹ ሲወርድ ርካሹን የሚያገኘው እኛ ጋ ነው ወይስ ማዶ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ወደ ሥራ ቀይሩት

አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ብቻ አስቀሩ። ሃያ ከሆነ ማንም አያነበውም። አንዱ ይህን ይመስላል፦

የውጭ ነገር፦ የኤሌክትሪክ ዋጋ ጭማሪ። የሚነካው፦ የፍሪጆች ወጪ። ምልክቱ፦ የአቅራቢው ውል የሚያልቅበት ቀን። የምናደርገው፦ ክፍት ፍሪጆች ላይ በር መግጠም። ኃላፊ፦ የጥገና ክፍል።

በየሦስት ወሩ ተመለሱበት። ያለፈበትን ነጥብ አውጡት፤ ግን አትሰርዙት፤ ሌላ ገጽ ላይ አኑሩት። እንደ ነዳጅና ምንዛሪ ያሉት ሄደው መመለስ ልማዳቸው ነው።