በድብልቅ ፖሊመር ስስ ሽፋን ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ፖሊመሮች (እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች) በአንድ አሟሚ ውስጥ ኩልል ብለው ስለሟሙ ሽፋኑም አንድ ወጥ ይሆናል ብሎ መጠበቅ። ረጃጅም ሰንሰለቶች ተደባልቀው የሚያተርፉት ኢንትሮፒ (ወደ መደባለቅ የሚገፋው የመዘበራረቅ መጠን) ኢምንት ነው፤ ጥቂት አለመስማማት ይለያያቸዋል። ፖሊስታይሪንና ፒኤምኤምኤ (ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት፣ ሁለቱም የተለመዱ ፕላስቲኮች ናቸው) ቶሉዊን በተባለው አሟሚ አብረው ይሟሟሉ፤ ቶሉዊኑ ሲተን ግን መንገዳቸው ይለያያል።

በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (ገጽን በሹል ጫፍ ዳስሶ ከፍታና ዝቅታውን በሚያሳይ መሣሪያ) የታየን ጉብታ በግምት መሰየም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ፖሊስታይሪን ስለሚበዛ ጉብታውም እሱ ነው» ይባላል። ነገር ግን ቶሉዊን ይበልጥ የሚስማማው ለፖሊስታይሪን ስለሆነ፣ ፒኤምኤምኤው አሟሚውን ቀድሞ አጥቶ ይጠጥራል። ፖሊስታይሪኑ ገና እርጥብ ነው፤ የያዘው ቶሉዊን ሲወጣለት ዝቅ ይላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ የሚቀረው ፒኤምኤምኤ ነው። ማረጋገጥ ደግሞ አይከብድም። ሳይክሎሄክሴን ፖሊስታይሪኑን ብቻ፣ አሴቲክ አሲድ ፒኤምኤምኤውን ብቻ አጥቦ ይወስዳል። አንዱን ናሙና በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው አጥበው የቀረውን ይመልከቱ። ሰንሰለቱ በጣም ረጅም ከሆነ ሳይክሎሄክሴኑን ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቅ ያድርጉት፤ ከዚያ በታች ፖሊስታይሪንን የሚያሟማው እየተግደረደረ ነው። ይህ ሳይደረግ በሁለት ቀለም ተለይቶ የሚቀርብ ምስል፣ እኔን ከጠየቁኝ፣ ሥዕል ነው።

ገና የተቀባን ሽፋን የመጨረሻው ሁኔታ አድርጎ ማየት። በማሽከርከር ሲቀባ አሟሚው በሴኮንዶች ውስጥ ስለሚተን ሰንሰለቶቹ መለያየቱን ሳይጨርሱ ባሉበት ይደርቃሉ። እንዲንቀሳቀሱ ከተፈለገ ሁለቱም ከሚለሰልሱበት ሙቀት በላይ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ለፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ነው፣ ተራው ፒኤምኤምኤ ትንሽ ይበልጣል። አየር ፖሊመሩን እንዳያበላሸው በቫኪዩም ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

የሚቀባበትን ወለል መዘንጋት። ዋልታዊው (በሞለኪውሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል እኩል ያልተከፋፈለበት) ፒኤምኤምኤ የሲሊኮን ኦክሳይድን ወለል ስለሚወድ ወደ ታች ይሳባል። ወለሉ ውሃ በሚጠላ ሲላን (ወለሉ ላይ በሚጣበቅ የሲሊኮን ውህድ) ከተሸፈነ ግን አሰላለፉ ሊቀየር ይችላል፤ ሽፋኑ በሳሳ ቁጥር ደግሞ የወለሉ ጫና ይጨምራል። የክፍሉ እርጥበትም ገጽታውን ስለሚለውጥ ይመዝገብ።

ከማሞቅ በኋላ የታየን ቀዳዳ ሁሉ የመለያየት ውጤት ማለት። ሽፋኑ ራሱ ከወለሉ እየሸሸ ሊሆን ይችላል። በስለት ጭረው ውፍረቱን ይለኩ፤ የቀዳዳው ጥልቀት ከዚያ ጋር እኩል ከሆነ ወለሉ ተገልጧል ማለት ነው። ነጠላ ፖሊመር ብቻ ያለበትን ሽፋንም በተመሳሳይ ሙቀት አሙቁት፤ እሱም ከተበሳ መለያየት ለብቻው አይከሰስም።