ፎረፎር ያለበት ፀጉር እንዴት ይታጠባል?

ፀጉር ቤት ስለምሠራ በየቀኑ የምሰማው ጥያቄ ነው፦ «ፎረፎር አስቸገረኝ፣ ቅቤ ልቀባው?» አትቀቡት። ፎረፎር ብዙ ጊዜ በድርቀት የሚመጣ አይደለም። ሁላችንም ጭንቅላት ላይ የሚኖር የፈንገስ ዓይነት አለ፤ ምግቡ ቅባት ነው። ቅቤውም የወይራ ዘይቱም ለእሱ ድግስ ነው። ቅቤ ካልተቀባሁ የምትል ካለች (እኔም እወደዋለሁ፣ ሽታውን ሳይቀር) ቆዳውን ሳታስነካ ጫፍ ጫፉን ትቀባ።

ፋርማሲ ሄዳችሁ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት 2 ፐርሰንት ያለው ሻምፖ ጠይቁ። አረፋ አድርጎ ወዲያው ማለቅለቅ ግን ገንዘብ መድፋት ነው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆዳው ላይ ይቆይ።

ከርዳዳና ችምችም ያለ ፀጉር ላይ ሻምፖው ላይ ላዩን ይቀራል እንጂ ቆዳው ጋ አይደርስም። ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉሩን አርጥቤ አራት ቦታ እከፍልና በማስያዣ እይዘዋለሁ። ሻምፖውን አፏ ሾጣጣ በሆነች ባዶ የካቻፕ ጠርሙስ አደርግና መስመር እያወጣሁ ቆዳው ላይ አንጠባጥባለሁ። የማሸው በጣቴ ጫፍ ነው። ጥፍር ያቆስላል። ካለቀለቅኩ በኋላ ኮንዲሽነሩ ለፀጉሩ ብቻ ነው፣ ቆዳውን አይነካም። ለእንዲህ ዓይነት ፀጉር በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ሲበዛ ይደርቅና ይሰባበራል። ሉጫ ፀጉር ቶሎ ስለሚወዛ በሳምንት ሁለቴ ይችላል። ቀለም የተቀባችሁ ሴሊኒየም ሰልፋይድ የሚባለው ሌላ የፎረፎር መድኃኒት ያለበትን ሻምፖ ተዉት፣ ቀለሙን ሊያበላሸው ይችላል።

ቆዳው እያሳከከና እየቆሰለ ሹሩባ አልሠራም፤ ደንበኛ ብትቀየመኝም። ሹሩባ ተሠርታችሁ ግንባራችሁ ዳር ብጉር ካወጣ ወይም ማታ ካላስተኛችሁ ጠብቋል ማለት ነው። «ይለምድልሻል» የምትላችሁን አትስሙ፣ አስፈቱት። ለረጅም ጊዜ ሲጎተት የኖረ ፀጉር ጨርሶ ላይመለስ ይችላል።

ልጆች ላይ ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ቅርፊት ያለውና ፀጉሩ ከሥሩ የተሰበረ ቦታ ካያችሁ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ነጭ ሽንኩርት አትፈትጉበት፣ ያቃጥለዋል። ሻምፖና ቅባትም ብቻቸውን አያድኑትም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋል። ሐኪም ግሪሲዮፉልቪን ካዘዘ ለሳምንታት የሚወሰድ ነው፤ ዳነ ብላችሁ መሀል ላይ እንዳታቋርጡት። ወንድምና እህቶቹም ይታዩ፣ ማበጠሪያ አይዋዋሱ።

ወደ ፎረፎሩ ስንመለስ፣ ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም። ነጣ ያለ ወይም ግራጫ መሳይ ቦታ ፈልጉ። አንድ ወር በደንብ ታጥባችሁ ለውጥ ከሌለ፣ ወይም መግል ከያዘ፣ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። ስትሄዱ ግን ሹሩባውን ፍቱት፣ ዊጉንም አውልቁት፣ ቅባትም አትቀቡ። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ቆዳውን ነው።